መስተፋቅር ውስጥ የሚገባው ቅጠል ምንድን ነው? የጎጃም ልጆች ብቅ በሉ

ማርቆሴዋ

እንደምን ዋላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። እጮኛዬ ሥራ ይዞ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ስልኩ ቀዝቀዝ ብሏል። እኔ ብዙም አላካበድኩትም፤ አክስቴ ግን አካበደችው። ቅዳሜ ገበያ ወርዳ ሥርና ቅጠል ከሚሸጡ አንዲት ሴትዮ ዘንድ ቋጠሮ ገዝታ መጣች። "ለፋሲካ ሲመጣ ቡናው ላይ ቆንጠር አድርገሽ ጣል ነው። ከዚያ ወዲያ ብታባርሪውም አይሄድ" አለችኝ።

ቋጠሮውን ፈትቼ ጋዜጣ ላይ ዘረገፍኩት። የደረቀ ቅጠል አለ፤ በጣት ሲታሽ ደስ የሚል ሽታ ይወጣዋል። የጣት ግማሽ የምታህል ሥር አለች፤ ሽታዋ ከበድ ያለ ነው፣ ዕጣን ዕጣን ይላል። ልብስ ላይ የሚለጠፉ ጥቃቅን ፍሬዎች አሉ፣ ከነአገዳቸው ተቆርጠው የገቡ፤ ነጠላዬን አልለቅ ብለውኛል። ከታች ደግሞ ጠፍጠፍ ያሉ ጥቁር ቡናማ ዘሮች አሉ፤ መጠናቸው የበርበሬ ፍሬ ያህል፣ ቅርጻቸው ኩላሊት የመሰለ።

ላደርግበት አይደለም የጠየቅሁት። ምን ምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው። የምታውቁ ንገሩኝ፣ የምትሰድቡኝ ቀስ ብላችሁ ስደቡኝ።

አያ_ጮቄ

ኧረ ማን ይሰድብሻል እህቴ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልለምን፦ "የአንበሳ ጸጉር ነቅለሽ አምጪ" የሚለውን ተረት ማንም እንዳይጽፍብን። የመስተፋቅር ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ይዞት ይመጣል።

አክስትሽ ግን ልጁን ደውላ "ምነው ጠፋህ?" ማለት አቅቷት ነው ገበያ የወረደችው?

የሥር_ማሽ_የልጅ_ልጅ

ሰላም ማርቆሴዋ። አያቴ ሞጣ አካባቢ የታወቀች መድኃኒተኛ ነበረች። ለሆድ ቁርጠት፣ ለምች፣ ለዓይነ ጥላ፣ ለወለደች ሴት ሰው ከሩቅ ይመጣባት ነበር። ቅርጫቷን ተሸክሜ ከኋላዋ ያደግሁ ስለሆንኩ የቻልኩትን ልንገርሽ።

የሚለጠፈው ፍሬ ተለንጅ ይመስለኛል። አገዳው ረጅም ሆኖ ፍሬዎቹ ወደታች ዘቅዘቅ ብለው የተሰካኩበት ከሆነ እሱ ነው። ችጎጎትም ይለጠፋል፣ የሱ አሰካክ ግን ሌላ ነው። ሥሯ በጠረኗ ቀበሪቾ ናት፤ ቤት የሚታጠንባት። ቀበሪቾ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይበቅልም፤ ሥሩ ሲማስ ተክሉም አብሮ ስለሚሄድ ዱሮ በየመስኩ የነበረው ዛሬ እየጠፋ ነው። ቅጠሉ አደስም አሪቲም ሊሆን ይችላል። አደስ ከሆነ ቅጠሉ ደርቆም ጠንከር፣ ሾል ያለ ነው። አሪቲ ግን ብጥስጥስ ያለ፣ አመድማ ነው፣ ቢቀምሱት ይመራል።

አመራረጡ ደግሞ እንዲህ ነው። አያቴ ስትለው የሰማሁት፦ የሚለጠፈው እንዲለጠፍ፣ የሚሸተው እንዲናፈቅ፣ የሚታጠነው ዓይን እንዳይገባበት። የፍቅር መድኃኒት የሚባለው ሁሉ በዚህ መንገድ የሚታሰብ ነው። ተክሉ በሜዳ የሚሠራውን ሰው ላይ ይሠራል ይባላል።

ለማውጣትም ወግ አለው። ረቡዕ ወይም አርብ፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ከቤት ስትወጣ ጀምሮ ማንንም ሳታናግር ነው የምትሄደው። መንገድ ላይ "እንዴት አደርሽ" ያላትን ሰው ዝም ብላ ታልፈዋለች፤ ሰፈሩ ስለለመደ አይቀየማትም። ተክሉ ጋ ስትደርስ ጥላዋ እንዳያርፍበት ዞራ ትቆማለች። ብረት አታስነካም ነበር፣ በእንጨት ነው የምትምሰው። አፈሩን ስትመልስ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች። እኔ ቅርጫት ይዤ ሳቄ ሲመጣብኝ በዓይኗ ታስቆመኛለች።

ለፍቅር የሚጠይቋትን ግን የሚበላም የሚጠጣም ሰጥታ አታውቅም። የሚሸተት ብቻ ነው የምትሰጥ። አደሱን በጨርቅ ቋጥራ "ከራስጌሽ አድርጊው" ወይም "ቅቤሽ ውስጥ አግቢው" ትላለች። "አፍ የገባ ነገር ለአዋቂም አይመለስ" ነበር የምትል። እና አንች ጋ ያለው ቋጠሮ የአያቴን ዓይነት ይመስል ነበር፣ እነዚያ ጥቁር ዘሮች ባይኖሩበት።

መድኃኒት_ቤት_22

እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ የዘሩ ነገር አስደነገጠኝ። ማርቆሴዋ፣ ቋጠሮው ውስጥ እሾህ ያለው የደረቀ ቅርፊት ቁራጭ አለ? እሾሁ እንደ ተለንጁ የሚለጠፍ ሳይሆን የሚወጋ?

ማርቆሴዋ

ወይ ጉድ። አዎ አለ። አውራ ጣቴን ወጋኝ። የፍሬ ቅርፊት ይመስላል፣ በአራት የተሰነጠቀ።

መድኃኒት_ቤት_22

እንግዲያው አስተናግር ነው። አጤ ፋሪስም ይሉታል። በየቆሻሻ መጣያው፣ በየፍርስራሹ፣ በየበረቱ ጓሮ የሚበቅለው፣ ረጅም የመለከት ቅርጽ ያለው ነጭ አበባ የሚያወጣው። ፍሬው እሾሃም ሆኖ ሲደርቅ በአራት ይከፈላል፤ ዘሩም አንች እንዳልሽው ኩላሊት የመሰለ ነው። እጅሽን ታጠቢ፤ ልጅ ካለ አርቂው።

ውስጡ ያሉት አትሮፒን፣ ሃዮሳያሚን እና ስኮፖላሚን ናቸው። በሕክምና ሁሉም ሥራ አላቸው፤ ዓይን ሐኪም ቤት ብሌን ለማስፋት የሚጨምሩልሽ ጠብታ አትሮፒን ወይም የሱ ዘመድ ነው። ጭንቁ መጠኑ ነው። አንዱ ተክል ውስጥ ያለው ከሌላው አይመሳሰልም፣ ያንዱ ተክል ዘርም ከቅጠሉ አይመሳሰልም። ስለዚህ "ቆንጠር አድርጊ" የሚባል ልክ የለም። ሴትዮዋ ለሃያ ሰው ሸጣ ሃያዎቹም ምንም ሳይሆኑ ሃያ አንደኛው ሊሞት ይችላል።

የጠጣው ሰው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ብሌኑ ሰፍቶ ብርሃን ያስቸግረዋል፣ ሽንቱ እምቢ ይለዋል። ከዚያ መቃዠት ይጀምራል። የሌለ ሰው ያወራል፣ የሌለ ነገር ከአየር ላይ ይለቅማል። አንጀትን ስለሚያዘገየው መርዙ ቶሎ አይወጣም፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል።

አሁን ይህንን ሰው ወደ ዘመዶቹ ዓይን አምጡት። ምራቁ ደርቋል፣ ልቡ ይመታል፣ ዓይኑ ፈጧል፣ እንቅልፍ አጥቷል፣ ስሟን እየጠራ ይለፈልፋል። የፍቅር ሕመም ሲነገር የሰማ ሰው ሁሉ "ሠራለት!" ነው የሚለው። መስተፋቅር ይሠራል የሚለው ወሬ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውየው ግን ተመርዟል። ጤና ጣቢያ ሲወስዱትም "ምን በላ?" ሲባል የሚያውቀው ሰው አፍሮ ዝም ይላል፤ ሐኪሙ ወባ ነው፣ ማጅራት ገትር ነው እያለ ይደክማል።

ቢቸና_ቅዳሜ

አፍዝ አደንግዝ የሚሉት ይሄው ነው ማለት ነው? አውቶቡስ ላይ ብስኩት ጋብዘውት ሻንጣውን ያስረከበ ሰው አውቃለሁ።

መድኃኒት_ቤት_22

ምን እንደሰጡት ሳይመረመር አይታወቅም፤ የእንቅልፍ ኪኒንም ሊሆን ይችላል። አስተናግር ግን ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው።

የዋሸራ_ቅኔ

ነገሩ እኛ ሰፈር ስለደረሰ ልግባ። ልጅ ሳለሁ ዋሸራ ቅኔ ቆጥሬአለሁ። "የቆሎ ተማሪ ሁሉ ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ ነው" የሚል ሰው አሁንም ስላለ አስቀድሜ ልናገር፦ እኛ ጎጆ ውስጥ የነበረው ረሃብ፣ ቁንጫና ቅኔ ነው። የኔታም መተት ነካ አደረገ የተባለውን ተማሪ ያባርሩ ነበር።

አስተናግርን ግን ተማሪ ያውቀዋል። አብሾ የሚባለው ውስጥ እሱ አለበት። ትምህርት ይገለጥልኛል፣ የሰማሁት ሁሉ በቃሌ ይቀርልኛል ብሎ የሚጠጣው አለ። ጠጥቶ ቀናት ሙሉ ሲቃዥ፣ ልብሱን ጥሎ ወደ ገደል ሲሮጥ፣ ጓደኞቹ በገመድ አስረው ያሳደሩትን ልጅ አይቻለሁ። ሲነቃ የነበረውን ያህል እንኳ አላስታወሰም።  እስከ ዛሬም ጠላ ሲቀምስ ዱላ የሚያነሳውን ሰው "አብሾ አለበት" ይሉታል እኛ አገር።

ስለ መስተፋቅር ጽሑፉም አይቻለሁ፤ በእጅ የተጻፈች፣ ቆዳዋ የጠቆረች ትንሽ ደብተር። እዚያ ውስጥ የራስ ምታት መድኃኒት፣ የእባብ መድኃኒት፣ ግርማ ሞገስ፣ መስተፋቅር፣ መስተጻልእ፣ መፍትሔ ሥራይ ሁሉም ተደበላልቀው ነው የሚገኙት። በአንድ ገጽ ያፋቅራል፣ በሚቀጥለው ያጣላል፣ ከዚያ ደግሞ ሁለቱንም ይፈታል፤ ባለ ደብተሩ በየት በኩል ብትመጡበት አይከስርም። ቅጠሉ ብቻውን ምንም አይደለም ይላሉ። የሰውየው ስመ ክርስትና ከነእናቱ ስም ይገባል፣ አስማት ይደገማል፤ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ እያሉ የቅንዋተ መስቀሉን (የችንካሮቹን) ስም ለማይገባ ነገር ይጠሩበታል። የተክሉን ስም ደግሞ ሆን ብለው ይሰውሩታል፤ ለሌላ ሰው ቢገለብጡለትም አንዷን ቅጠል ያስቀሩበታል። ስለዚህ ባይሠራ "ጎደለ" ይባላል እንጂ "ውሸት ነው" አይባልም።

ይህ ነገር ለፈረንጅ እንኳ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራ የመድኃኒት ደብተር አስተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1930 ፓሪስ ላይ አሳትሞታል።

መሪጌታ_ፈዋሽ_01

[ይህ መልእክት ማስታወቂያ ስለሆነ በአወያዩ ተሰርዟል]

አያ_ጮቄ

ሃሃሃ ደረሱ! "ጥሎሽ የሄደውን በ24 ሰዓት እናመጣለን" ነበር የሚለው፣ ሳይጠፋ አነበብኩት። ቅድሚያ ክፍያ በስልክ ላኩ ይላል። ባሏን በ24 ሰዓት የሚያመጣ ሰው የራሱን ገንዘብ እስኪመጣ መጠበቅ ምነው አቃተው?

የቡሬዋ_እናት

ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርም፣ ከሌላ በኩል ልናገር። መስተፋቅር ማድረግ አንድ ነገር ነው፣ "አድርጋበታለች" መባል ሌላ ነገር ነው። እኔ የተባልኩ ነኝ።

ባሌ ሲያገባኝ ቁጡ ነው የሚባል ሰው ነበር። ከኔ ጋር ሲኖር ቀስ በቀስ ለዘበ። ውኃ ይቀዳልኛል፣ ልጅ ሲያለቅስ ያነሳል፣ አንድ ቀን እንግዳ ባለበት ሰሃን አጠበ። በቃ! አማቶቼ "አቅምሳዋለች" አሉ። ምጣዴን ገለበጡ፣ የጨው ዕቃዬን አሸተቱ። ትራስ ሲቀዱ አንድ የደረቀ አደስ አገኙና "ይሄው!" ተባለ። ባሌን ጠበል ወሰዱት። ሰውየው ሰባት ቀን ጠበል ተጠምቆ ተመልሶ ሰሃኑን አጠበ። አሁን በሕይወት የለም፣ ነፍሱን ይማርና እስኪሞት "ሰሃን ያስጠምቃል" እያለ ይስቅ ነበር።

እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። አደሱን ጥላ ላይ አድርቆ፣ ወቅጦ፣ በወንፊት ነፍቶ ትኩስ ለጋ ቅቤ ውስጥ ማሸት ነው። ፀሐይ ላይ ካደረቃችሁት ሽታው ይሄዳል። ቅቤው በደንብ መታጠብ አለበት፤ አጓት የቀረበት እንደሆነ በማግሥቱ ይከረፋል፣ አደሱም አያድነው። አሪቲ የምትጨምርም አለች፣ እኔ ግን ሽታው ይበዛብኛል። ይህን ራስ ተቀብቶ፣ በጨርቅ ታስሮ ሲታደር ጠዋት ቤቱ በሙሉ አደስ አደስ ይላል። ክረምት መውጫ ላይ ደግሞ እንሶስላ ነው። ሥሩ ከወንዝ ዳር ተቆፍሮ ይወቀጣል፣ መዳፍና እግር ላይ ይደረጋል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ይታደራል። የዚያን ሌሊት እጅሽ ስለታሰረ እንኳ ባልሽን ማቀፍ አትችይም። ጠዋት ሲፈታ ቀይ ነው፤ ሲደጋገም ወደ ጥቁረት ይሄዳል። ጢስም አለ። ዕጣንም አለ። ይሄ ሁሉ ሲደመር መድኃኒት ከተባለ፣ አዎ አድርጌበታለሁ።

ወንድ ሴትን ሲጎዳ ማንም "ምን አቅምሷት ነው ዝም የምትለው?" ብሎ አይጠይቅ። ወንድ ሲያፈቅር ግን ምጣድ ይገለበጣል።

ቢቸና_ቅዳሜ

እትዬ፣ እጅዎን ይባርክ። "ሰሃን ያስጠምቃል" ገደለኝ።

ዘወልደ_ማርያም

ሁላችሁም ስለ ኬሚካሉ ተናገራችሁ፣ ስለ ነፍሱ ማንም አልተናገረም። ፍትሐ ነገሥቱ ሥራየኛን ያወግዛል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ጠንቋይና ሟርተኛ ላይ ምን ያህል እንደጨከነ የታወቀ ነው። ያን ያህል ተወግዞም በየደብሩ ጥግ እስካሁን መኖሩ ያሳዝናል።

መጽሐፍም ቢሆን ነገሩን ያውቀዋል። ዘፍጥረት 30 ላይ ሮቤል እንኮይ (ያፋቅራል፣ ያስወልዳል ይባል የነበረ ፍሬ) ከሜዳ ያመጣል፣ ራሔል ከልያ ትለምናለች፣ ልያም በእንኮዩ ያዕቆብን ለአንድ ሌሊት ታስለቅቃለች። እንኮዩን የወሰደችው ራሔል ናት፤ ያን ጊዜ የወለደችው ግን እንኮዩን የሰጠችው ልያ ናት። ራሔል የወለደችው ኋላ፣ እግዚአብሔር ሲያስባት ነው። ማርቆሴዋ፣ ንስሐ አባትሽን አማክሪ።

የዋሸራ_ቅኔ

ይህ ጥሩ ንባብ ነው ወንድሜ። ጭካኔውን ግን እንደ ምሳሌ ባትጠራው ደስ ይለኝ ነበር። በጥርጣሬ የተቀጣው ስንቱ እንደሆነ እግዜር ነው የሚያውቀው። የቡሬዋን እናት ምጣድም የገለበጠው ያው ጥርጣሬ ነው።

ደጀን_በረኸኛ

እኔ የምለው፣ ጥምቀት ላይ ሎሚ ስንወረውር የነበረው ምንድን ነው ታዲያ? እሱም ፍሬ ነው፣ እሱም ለፍቅር ነው። ደረት ላይ ካረፈ ሠራ፣ ካላረፈ ሌላ ሎሚ ትገዛለህ። አስማት የለው፣ ቅድሚያ ክፍያ የለው።

መድኃኒት_ቤት_22

ሎሚው በጤና በኩል ፈቃድ አለው 🙂

አንድ ነገር ልጨምር፣ "ባህላዊ ነው፣ ቅጠል ነው፣ አይጎዳም" ለሚሉት። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግ ሁላችንም ቤት ያለ ነው፤ ችግር የለውም። ለእርጉዝ ሴት በብዛት አፍልቶ መስጠት ግን አደገኛ ነው። ግዛዋም ዛሬ በሌላ አገር አሽዋጋንዳ ተብሎ በኪኒን መልክ ይሸጣል፣ እኛ ጋ ለዓይነ ጥላ ይታጠናል፤ ሲዋጥ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎች በሕክምና ተመዝግበዋል። የሥር ማሽ የልጅ ልጅ አያትሽ ያወጡት ሕግ፣ የሚሸተት እንጂ የሚበላ አልሰጥም ያሉት፣ እኔ የማውቀው ፋርማሲ ሁሉ ቢለጥፈው ደስ ይለኛል።

ምናልባት አንድ ሰው ጠጥቶ ከተገኘ፦ ወተት አጠጡ፣ አስታውኩ የሚለውን ትታችሁ ወዲያው ጤና ተቋም ውሰዱት፤ የተረፈውን ዘር በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ያየው እንደሆነ ግማሽ ድካሙ ቀለለ። ስለ ማፈር በኋላ ይታሰብበታል።

የሥር_ማሽ_የልጅ_ልጅ

እሷማ ብትሰማሽ ዶሮ ታርድልሽ ነበር። ማርቆሴዋ፣ ዘሩን ምን አደረግሽው? ሜዳ ላይ እንዳትበትኚው፣ ይበቅላል። እሳት ላይም አታድርጊው፣ ጢሱም ጥሩ አይደለም።

ማርቆሴዋ

ሽንት ቤት ጉድጓድ ጨመርኩት። ቀበሪቾዋን አላስጨከነኝም፣ ዛሬ ቤቱን አጠንኩባት። አደስ መሆኑንም አረጋገጥኩ፣ ቅጠሉ ጠንካራ ነው፤ እትዬ የቡሬዋ እናት ባሉት መሠረት ለጋ ቅቤ አዝዣለሁ።

ልጁንም ደወልኩለት። ስልኩ የቀዘቀዘው የሌሊት ተረኛ ስለሆነ ነው አለኝ። አመንኩት አላመንኩት ሌላ ጊዜ እናወራለን።

አክስቴን ግን ማሳመን አልቻልኩም። መርዝ ነው ብላት "ለአጎትሽ ስሰጠው ምን ሆነ?" አለችኝ። አጎቴ ከተጋቡ ጀምሮ ራሱን የሚያመው ሰው ነው፤ እኔ አሁን ምን ብዬ ልጠይቀው? ኋላ ላይ ስትለዝብ "እንግዲያው ቡናው ይቅር፣ ተለንጁን በደረቁ ጫማው ውስጥ አድርጊለት" አለች።

አያ_ጮቄ

ጫማው ውስጥ ይሁን። ካልሲውን ይወጋዋል እንጂ አይገድለው።